ቢጫው የፔሩ ዶሮ፦ አሂ ዴ ጋይና እንዴት ይሠራል?

«ያ የፔሩዎች ቢጫ ዶሮ እንዴት ነው የሚሠራው?» ይህ ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣልኛል። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ናቸው። እዚያ የፔሩ ምግብ ቤት አይጠፋም፤ ለጥብስ ዶሮ ገብተው ይቺን ቢጫዋን ቀምሰው ይወጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ሆነው ቪዲዮ አይተው ሞክረዋታል። ሶሱ ወይ ተቋጥሮባቸዋል፣ ወይ አቃጥሏቸዋል፣ ወይ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ሆኖባቸዋል። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

ምግቡ አሂ ዴ ጋይና ይባላል። የተቀቀለ ዶሮ በእጅ ይተረተራል፤ ከዚያ ከቢጫ ቃሪያ፣ በወተት ከራሰ ዳቦ፣ ከዋልነትና ከቺዝ የተሠራ ወፍራም ሶስ ውስጥ ይገባል። ድንች ላይ ይፈስሳል፣ ሩዝ ከጎኑ ይቀመጣል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ቁሌቱ ላይ፣ እና ወተቱ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ። የምትጠይቁኝ ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከመቸኮል የሚመጣ ነው።

የሚፈጀው ጊዜ በፈረንጅ ዶሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። በአበሻ ዶሮ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጨምሩበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ6 ሰው)

ለዶሮውና ለመረቁ፦
- 1 ሙሉ ዶሮ፣ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ (ወይም 1 ኪሎ አጥንት ያለው ደረት)
- 2 ሊትር ያህል ውሃ
- 1 ካሮት፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት
- 1 የሻይ ማንኪያ ጨው

ለሶሱ፦
- 5 ወይም 6 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አሂ አማሪዮ ቃሪያ (ካላገኛችሁ መተኪያውን ታች ጽፌዋለሁ)
- 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 300 ግራም ያህል፣ በጣም ደቅቆ የተከተፈ
- 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የተቀጠቀጠ
- 60 ሚሊ ሊትር ዘይት (ሩብ ኩባያ)
- 4 ቁራጭ ነጭ ፉርኖ ዳቦ፣ ቅርፊቱ የወጣለት፣ 120 ግራም ያህል
- 1 ጣሳ ስኳር የሌለው የተወፈረ ወተት፣ 400 ሚሊ ሊትር ያህል
- 50 ግራም ዋልነት ወይም ፒካን
- 50 ግራም የተፈቀፈቀ ፓርሜዛን ቺዝ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን
- ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ
- ቁንዶ በርበሬና ጨው እንደ ጣዕማችሁ

ለማቅረቢያ፦
- 6 መካከለኛ ድንች
- 3 እንቁላል
- 2 ኩባያ ሩዝ
- ጥቂት ጥቁር የወይራ ፍሬ፣ የሰላጣ ቅጠል

ከዕቃ ደግሞ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ ታቹ ወፍራም የሆነ ሰፊ ድስት ወይም መጥበሻ፣ የእንጨት ማማሰያና ብሌንደር ያስፈልጋል። ታቹ ወፍራም ይሁን ያልኩት ለቅንጦት አይደለም። ሶሱ ውስጥ ዳቦና ወተት አለ። ቀጭን ድስት ላይ ሁለቱም ታች ይይዛሉ፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ የአረሩ ሽታ ሶሱን በሙሉ ይወርሳል፣ ምንም አያወጣውም።

ስለ ቃሪያው መጀመሪያ

ከሁሉም በላይ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አሂ አማሪዮ የፔሩ ቃሪያ ነው። ሲበስል ብርቱካናማ ይሆናል፣ ተፈጭቶ ሲቁላላ ደግሞ ቢጫ ይሰጣል። ያቃጥላል፣ ግን እንደ ሚጥሚጣ አይደለም። የፍራፍሬ የሚመስል ሽታ አለው፤ የዚህ ምግብ ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ነው። አሜሪካ ያላችሁ የላቲን አሜሪካ ሸቀጥ የሚሸጥበት ሱቅ ግቡ። በሦስት ዓይነት ታገኙታላችሁ፦ ተፈጭቶ በጠርሙስ፣ ሙሉው በረዶ ቤት ውስጥ፣ እና ደርቆ። የደረቀው ሚራሶል ይባላል፤ ጣዕሙ ጠቆር ያለ ስለሆነ ለዚህ ምግብ ጠርሙሱን ወይም በረዶውን ምረጡ። አውሮፓ ያላችሁም የላቲን ሱቅ ባይኖራችሁ የጠርሙሱን በኢንተርኔት ማዘዝ ትችላላችሁ።

ጠርሙስ ስትገዙ ቀለሙን ተመልከቱ። ከጎኑ ጥቁር ቀይ የሆነ ጠርሙስ ይኖራል፤ እሱ አሂ ፓንካ ነው፣ ሌላ ቃሪያ ነው። ደማቅ ቀይ ሆኖ ሮኮቶ የሚል ካያችሁ ደግሞ እሱ በጣም ያቃጥላል። እናንተ የምትፈልጉት ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚሄደውን ነው። የጠርሙሱ ብዙ ጊዜ ጨውና አሲድ ስላለበት ምግቡን ጨው ከማድረጋችሁ በፊት ቅመሱት።

በረዶ የሆነውን ወይም ትኩሱን ካገኛችሁ እንዲህ አድርጉ። 6 ቃሪያ ለሁለት ሰንጥቁ። ፍሬውንና ውስጡ ያለውን ነጭ ጅማት በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ። የሚያቃጥለው ነገር በብዛት ያለው በዚያ ነጭ ጅማት ላይ ነው፤ ፍሬውን ብቻ አውጥታችሁ ጅማቱን ከተዋችሁት አልተጸዳም። ከዚያ በውሃ አፍልታችሁ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ እንደገና አፍሉ፣ ድፉ። ለልጆችም የሚቀርብ ከሆነ ለሦስተኛ ጊዜ ድገሙት። ቆዳውን ልጡ፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር እስኪልም ፍጩ። ቆዳው ካልተላጠ ሶሱ ውስጥ ምላስ ላይ የሚቀር ቅርፊት ይሆናል።

ጥንቃቄ፦ ቃሪያውን ስታጸዱ ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን ዘይት ቀቡና ሥሩ፣ ሲያበቃ በሳሙና ታጠቡ። ዓይናችሁን አትንኩ፣ ሕፃን አትያዙ። ስታፈሉት መስኮት ክፈቱ፤ እንፋሎቱ ያስላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ይህን ቃሪያ ፍለጋ አትንከራተቱ። መተኪያ ሠርታችሁ መብላት ይቻላል። 3 ትልልቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የፈረንጅ ቃሪያ እሳት ላይ ወይም ኦቨን ውስጥ ቆዳው እስኪጠቁር ጠብሱ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ 10 ደቂቃ አፍናችሁ ቆዳውን ላጡ። 2 የሚያቃጥል ቃሪያ፣ ከተገኘ የቀላ፣ ጅማቱን አውጥታችሁ ጨምሩ። አንድ ትንሽ የተቀቀለ ካሮት ለቀለሙ ጨምሩ። ከ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ከ1 የሻይ ማንኪያ ሎሚ ጋር ፍጩ። ጣዕሙ ያው አንድ ዓይነት አይሆንም፣ ግን በጣም ይቀራረባል። የፈረንጅ ቃሪያው አረንጓዴ እንዳይሆን፤ አረንጓዴው ይመራል፣ ቀለሙንም ያበላሸዋል።

በርበሬና ሚጥሚጣ ጨምረን እናቅልለው የምትሉ፣ እባካችሁ አታድርጉት። በርበሬ ውስጥ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ አለ፤ ሶሱ ቀይ ሆኖ የዶሮ ወጥ ሽታ ይይዛል። ሚጥሚጣም ከኮረሪማ ጋር ነው የሚፈጨው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ቦታቸው ግን እዚህ አይደለም።

ስለ ሌሎቹ ግብዓቶች

ወተቱ። «ስኳር የሌለው» የሚለውን አስምሩበት። በጣሳ የሚሸጠው ወተት ሁለት ዓይነት ነው፣ ጣሳዎቹም ይመሳሰላሉ። አንደኛው በስኳር የተወፈረ ነው፤ እሱን ከጨመራችሁ ጣፋጭ ዶሮ ነው የምትበሉት፣ መመለሻ የለውም። የምንፈልገው ውሃው በግማሽና ከዚያ በላይ ተንኖ የወፈረውን ያልጣፈጠ ወተት ነው። ባሕረ ሰላጤው አገራት ያላችሁ ሻይ የሚፈላበት የጣሳ ወተት ማለት ነው፣ በየሱቁ አለ። ካጣችሁ የዱቄት ወተት በሚታዘዘው ውሃ ግማሽ በጥብጡ። ትኩስ ወተት ብቻ ካለ 1 ሊትሩን በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ ከግማሽ በታች እስኪሆን አንተክትኩት። ተራ ወተት እንዳለ ማስገባት የማልመክረው ሶሱን ስለሚያቀጥነውና ሲሞቅ ቶሎ ስለሚቋጠር ነው።

ዳቦው። ነጭ ፉርኖ ይሁን፣ የአደረ ቢሆን ይሻላል፣ ወተቱን በደንብ ይጠጣል። ድፎ ዳቦ ወይም ጥቁር አዝሙድ የገባበት ዳቦ አይሆንም፣ ቅመሙ ይጎላል። ጥቁር ዳቦም አይልምም።

ዋልነት። ፔሩዎች ብዙ ጊዜ ፒካን ይጠቀማሉ፣ ዋልነትም ይሠራል። ሁለቱም ከተወደዱባችሁ ጨው የሌለው ቆሎ ኦቾሎኒ 40 ግራም አድርጉ፤ ቀይ ቆዳውን ግን አሹት፣ ቆዳው ይመራል።

ቺዝ። ፓርሜዛን ጨውና ጥልቀት ይሰጣል። በእሱ ቦታ ሌላ የደረቀ ጨዋማ ቺዝ ይሆናል። አይብ አይሆንም። የእኛ አይብ ሲሞቅ አይቀልጥም፤ ሶሱ ውስጥ ፍርፍር ብሎ ይቀራል፣ አይታችሁም ሶሱ የተቋጠረ ይመስላችኋል።

ዘይቱ ሽታ የሌለው ተራ ዘይት ይሁን። የተነጠረ ቅቤ አታስገቡ፤ ምክንያቱ ከበርበሬው ጋር አንድ ነው።

አሠራር

1. ዶሮውን ቀቅሉ። ዶሮውን፣ ካሮቱን፣ ግማሹን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ጨውን ትልቁ ድስት ውስጥ ክተቱ፣ እስኪሸፍነው ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ሲፈላ ከላይ የሚወጣውን አረፋ ግፈፉ፤ ካልተገፈፈ መረቁ ይደፈርሳል፣ ይህ መረቅ ደግሞ በኋላ ሶሱ ውስጥ ይገባል። እሳቱን ቀንሱና ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በኃይል ከፈላ ሥጋው ይጠነክራል፣ ሲተረተርም ክር መሆኑ ቀርቶ ይፈረካከሳል።

የፈረንጅ ዶሮ ሙሉው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበቃዋል፤ ደረት ብቻ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ይህ ምግብ ከመነሻው የሚሠራው ዕድሜ ባላት እንቁላል ጣይ ዶሮ ስለሆነ የአበሻ ዶሮ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ መረቁ በጣም ይጣፍጣል። ግን 2 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፕሬሸር ድስት ካላችሁ ተጠቀሙበት። በስሏል የሚባለው የጭኑ መገጣጠሚያ በቀላሉ ሲላቀቅ ነው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ይይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። የምታዩት ቪዲዮ ሊማ ወይም ማያሚ የተቀረጸ ከሆነ ሰዓቱን እንዳለ አትውሰዱት። ሊማ የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት፣ ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ዶሮውም፣ ድንቹም፣ እንቁላሉም ይዘገያሉ። «20 ደቂቃ ብሎ ነበር፣ ጥሬ ሆነብኝ» የምትሉት ለዚህ ነው። ከላይ ባስቀመጥኩት ላይ አንድ አራተኛ ያህል ጨምሩና ሥጋውን እያያችሁ ወስኑ።

ዶሮውን ጥሬውን የምታጥቡ ከሆነ (ሎሚና ጨው እንደማንተው አውቃለሁ) የቧንቧ ውሃ በኃይል አትልቀቁበት። ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ በእርጋታ እጠቡ፣ ከዚያ ገንዳውንና መክተፊያውን በሳሙና አጽዱ። የሚረጨው ውሃ ጎን ያለው ሰላጣ ላይ ካረፈ ሰላጣው አይበስልም፣ ሆድ የሚያሳምመውም ያ ነው።

2. ዶሮውን መረቁ ውስጥ አብርዱት። እሳቱን አጥፉና ዶሮውን እዚያው 15 ደቂቃ ተዉት። ወዲያው ካወጣችሁት እንፋሎቱን ተፍቶ ይደርቃል። ከዚያ አውጡ፣ መረቁን በወንፊት አጥልሉና 3 ኩባያ ያህል ለይታችሁ አስቀምጡ። አትድፉት! የተረፈው ለሩዙ ይሆናል።

3. ተርትሩ። ቆዳውን ግፈፉ። ሥጋውን ገና ለብ እንዳለ ከአጥንቱ ፈልቅቁ፣ በክሩ አቅጣጫ በእጃችሁ ተርትሩ። ውፍረቱ የክብሪት እንጨት ያህል ይሁን። በቢላ የከተፋችሁ እንደሆነ ሶሱ በሥጋው ክሮች መካከል አይገባም፤ ሥጋ ለብቻው፣ ሶስ ለብቻው ይሆናል። በጣም አቅጥናችሁ ከተረተራችሁት ደግሞ ድስት ውስጥ ሟሙቶ ገንፎ ይሆናል። ትንንሽ አጥንት እንዳይቀር በጣታችሁ ፈትሹ፣ በተለይ ከአንገትና ከክንፍ አካባቢ።

4. ድንችና እንቁላል ጣዱ። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉ፤ የተላጠው ውሃ ይጠጣል፣ ሶሱን ያቀጥናል። እንቁላሉ 10 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ ከሆነ 13 ደቂቃ። ሩዙንም በዚሁ ጊዜ ሥሩ፣ ነጭና የተበታተነ ይሁን።

5. ዳቦውን ዘፍዝፉ። ቅርፊቱን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ዳቦውን ቆራርሳችሁ በወተቱ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆይ። ሶሱን የሚያወፍረው ዱቄት ወይም ክሬም ሳይሆን ይህ ዳቦ ነው። በደንብ ካልራሰ ሲፈጭ ጓጉሎ ይቀራል። ከዚያ ከዋልነቱ ጋር ብሌንደር ውስጥ አድርጋችሁ ፍጹም እስኪልም ፍጩ። ከጓጎለ አንድ ጭልፋ የበረደ መረቅ ጨምሩ። መብራት ከሄደባችሁ ዋልነቱን በሙቀጫ ውቀጡ፣ የራሰውን ዳቦ በወንፊት ላይ በማንኪያ እያሻችሁ አሳልፉ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል።

ጥንቃቄ፦ ትኩስ ነገር ብሌንደር ውስጥ ሞልታችሁ አትክደኑ። እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረውና ያቃጥላችኋል። ከግማሽ በታች ሙሉ፣ ክዳኑን በፎጣ ያዙ።

6. ቁሌት። ዘይቱን በሰፊው ድስት በመካከለኛ እሳት አሙቁ፣ ሽንኩርቱን ጨምሩ። እዚህ ላይ የዶሮ ወጥ እጃችሁ እንዳያታልላችሁ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እያማሰልን እስኪጠቁር እንወስደዋለን። ለዚህኛው ግን ዘይቱ ከመጀመሪያው ይገባል፣ ሽንኩርቱም ቀለም መያዝ የለበትም። የሚፈለገው ለስልሶ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪሆን ነው፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። መቅላት ከጀመረ እሳቱ በዝቷል፤ አንድ ማንኪያ መረቅ ጣል አድርጉና ቀንሱ። ቡናማ ሽንኩርት ማለት ቡናማ ሶስ ማለት ነው፣ በእርድም አይመለስም።

7. ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ፣ 1 ደቂቃ። ከሙኑንና እርዱን ጨምሩ፣ ሌላ ግማሽ ደቂቃ። ቅመሙ ዘይት ውስጥ ሽታውን እንዲያወጣ ነው። እርድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ አታሳልፉ፤ ቀለም ልጨምር ሲባል ይበዛና መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

8. ቃሪያውን አቁላሉ። የተፈጨውን አሂ አማሪዮ በሙሉ አታስገቡ። መጀመሪያ 4 ማንኪያ፤ የቀረውን መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ትወስናላችሁ። በዝቅተኛ እሳት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አማስሉ። ዘይቱ ከዳር ዳር ሲለይና ቢጫ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ደርሷል። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ቃሪያው በደንብ ካልተቁላላ የጥሬ ቅጠል ጣዕም ይቀርበታል፣ ወተት ከገባ በኋላ ደግሞ ማቁላላት አይቻልም።

ሶሱ ፍጹም ለስላሳ እንዲሆን የምትፈልጉ ይህን ቁሌት አብርዳችሁ ከዳቦው ጋር መፍጨት ትችላላችሁ። እኔ ሽንኩርቱ ደቅቆ ከተከተፈ አልፈጨውም።

9. የዳቦውን ድብልቅ አስገቡ። እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ድብልቁን በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። ከዚያ 1 ኩባያ ለብ ያለ መረቅ ጨምሩ። ከዚህ በኋላ ማማሰያውን አታስቀምጡ። ከድስቱ ታች እየጠረጋችሁ 10 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይብሰል። አልፎ አልፎ ቦጭ ቦጭ ቢል ችግር የለውም፤ መፍላት ግን የለበትም። ከፈላ ወተቱ ይቋጠራል፣ ዘይቱም ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ የምትጠቀሙ፣ ማብሪያውን ብትቀንሱትም ሳህኑ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። መፍላት ሲጀምር ድስቱን አንስታችሁ ጎን አስቀምጡ፣ ሲረጋጋ መልሱ። ከሰል ከሆነ ፍሙን በትኑት።

ውፍረቱን ለማየት ማማሰያውን አውጡና ጀርባውን በጣታችሁ መስመር አስምሩበት። መስመሩ ሳይገናኝ ከቆየ ልክ ነው። ትንሽ ቀጠን ቢል ይሻላል፤ ዶሮውና ድንቹ ይጠጡታል፣ ሲበርድም ይወፍራል። ካስፈለገ በመረቅ አቅጥኑት፣ በውሃ ግን ጣዕሙን ታጥቡታላችሁ።

10. ዶሮውን ጨምሩ። በእርጋታ አዋህዱ፣ በዝቅተኛ እሳት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ። ሥጋው በስሏል፤ እየጠበቃችሁ ያላችሁት ሶሱ ክሩ ውስጥ እስኪገባ ነው። አሁን ቅመሱና የቀረውን ቃሪያ ከፈለጋችሁ ጨምሩ። ቃሪያው ጥሬ እንዳይቀር ትንሽ ዘይት ላይ ለብቻው ሞቅ አድርጋችሁ ብታስገቡት ይመረጣል።

11. እሳቱን አጥፉ፣ ቺዙን አሁን። ከእሳት ከወረደ በኋላ በትኑበትና አማስሉ። እሳት ላይ እያለ ካስገባችሁት ይጎተታል፣ ተሰብስቦም ማማሰያው ላይ ይጠቀለላል። ጨው ከቺዙ በኋላ ብቻ አድርጉ፤ ቺዙም፣ መረቁም፣ የጠርሙሱ ቃሪያም ጨው አላቸው። ብዙ ጊዜ ምንም መጨመር አያስፈልግም።

12. አቅርቡ። ሳህኑ ላይ የሰላጣ ቅጠል፣ በላዩ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተላጠ ድንች፣ በድንቹ ላይ ዶሮውን ከነሶሱ። ከላይ የእንቁላል ሩብና የወይራ ፍሬ። ሩዙ ከጎን። የወይራ ፍሬው ጌጥ አይደለም፤ ጎምዛዛነቱ የሶሱን ቅባት ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ አትተዉት። በእንጀራስ? የሚል አይጠፋም። ይበላል። ሶሱን ትንሽ አወፍሩት፣ ድንቹንም ቆራርጣችሁ ከውስጡ አዋህዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ሶሱ ተቋጠረ። ከእሳት አውርዱ፣ ሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ጨምሩና በኃይል አማስሉ። ካልተመለሰ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ከሆነ አብርዳችሁ ብሌንደር ውስጥ መልሱት፣ ዳቦው ይይዘዋል። ዶሮው ከገባ በኋላ ግን ብዙ ማድረግ አይቻልም፤ ጣዕሙ ደህና ነው፣ መልኩን ተዉት።

በጣም አቃጠለ። ውሃ አይረዳም። ወተትና አንድ ተጨማሪ የራሰ ዳቦ ፍጩና ጨምሩ፣ ድንቹንም አብዙት።

ቀለሙ ነጣ። ቃሪያው አንሷል ወይም በደንብ አልተቁላላም። በትንሽ ዘይት ሌላ ማንኪያ ቃሪያ ለብቻ አቁላልታችሁ ጨምሩ። እርድ ላይ አትሩጡ።

አሸዋ አሸዋ አለ። ዋልነቱ በደንብ አልተፈጨም። በሚቀጥለው ዋልነቱን መጀመሪያ ለብቻው በደረቁ ፍጩ፣ ከዚያ ዳቦውን አስከትሉ።

ለእንግዳ የምታቀርቡ ከሆነ

ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ፦ ለዋልነት ወይም ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለው ሰው አለ ወይ? ሶሱ ውስጥ ተፈጭቶ ስለሚገባ በዓይን አይታይም፣ አለርጂው ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ካለ ሁሉንም ትታችሁ አንድ ቁራጭ ዳቦ ጨምሩ፤ «ዋልነት ከሆነ ችግሩ በኦቾሎኒ ልተካው» አትበሉ።

በጾም ወቅት የምትጠይቁኝም አላችሁ። ዶሮውን በኦይስተር እንጉዳይ ተኩ፤ እንጉዳዩ እንደ ሥጋ በእጅ ይተረተራል። በዘይት ጠብሳችሁ ውሃውን አድርቁ፣ የአትክልት መረቅና ያልጣፈጠ የአኩሪ አተር ወተት ተጠቀሙ፣ ቺዙን ትታችሁ ዋልነቱን እጥፍ አድርጉ። እንቁላሉም ይቀራል። እስራኤል ያላችሁ፣ ሥጋና ወተት የማትቀላቅሉ ደግሞ ዶሮውን እንዳለ ይዛችሁ ወተት በሌለው ዳቦ፣ በራሱ በዶሮው መረቅና በተፈጨ አልሞንድ ሥሩት። ሶሱ ትንሽ ይቀጥናል እንጂ ይወፍራል፤ ቺዝ ስለሌለበት ጨው ይፈልጋል።

ስለ ማስቀመጥ

ከተሠራ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ድስቱን እንዳለ ከማስገባት ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ዘርግታችሁ አብርዱት፣ መሐሉ ቶሎ ካልበረደ ይበላሻል። 3 ቀን ይቆያል። ድንቹንና እንቁላሉን ለብቻ አስቀምጡ። በረዶ ቤት ማስገባት ይቻላል፣ ግን ሲቀልጥ ሶሱ ይለያያል፤ አስቀድማችሁ ለማዘጋጀት ከፈለጋችሁ የሚሻለው የተረተረውን ዶሮ ከጥቂት መረቅ ጋር፣ የተቁላላውን ቃሪያና ሽንኩርትም በሌላ ዕቃ አድርጎ በረዶ ቤት ማስቀመጥ ነው። የዳቦውንና የወተቱን ነገር በዕለቱ ትጨምራላችሁ።

የአደረውን ስታሞቁ ፍሪጅ ውስጥ ጠንክሮ ታገኙታላችሁ። ግማሽ ኩባያ መረቅ ወይም ወተት ጨምሩበት፣ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ እስከ መሐሉ በደንብ አሙቁት። በማይክሮዌቭ ከሆነ በየደቂቃው እያወጣችሁ አማስሉ፤ አለዚያ ዳር ዳሩ ፈልቶ ይቋጠራል፣ መሐሉ ቀዝቃዛ ይቀራል።